በዳይ የሌለው ዕርቅ

ሩት ክፍት በር ታንኳኳለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የግቢው ፀሐይ እስከ እግሯ ድረስ ገብቶ ሳለ፣ ከደፉ ላይ ቆማ በጣቷ አንጓ ቀስ አድርጋ ትመታዋለች። ጥቂት ትታገሣለች። ደግሞ ትመታለች። የችኩል ልጅ አመታት አይደለም፤ የማያውቀው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዳያስቸግር የሚጠነቀቅ እንግዳ አመታት ነው። እናቷን ሽታዬን ያባንናት የነበረውም የማንኳኳቱ ብዛት ሳይሆን ይህ ጨዋነቱ ነበር። አንድ ልጅ ለመውጣት እንዲህ በትሕትና ፈቃድ መጠየቅን የሚማረው ምን ያህል ቢጮኽ ሰሚ ሲያጣ ነው?

ሩት አትናገርም። ሐኪሞች ለዚህ የራሳቸው ስም አላቸው፤ ጎረቤቶችም እንዲሁ፤ ሽታዬ ግን የሁሉንም ትታ ልጇን በክርስትና ስሟ ስትጠራት ኖረች። ከአዲስ ከተማ ገበያ ዳር ሳፋ፣ ባልዲና ጀሪካን የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ባሏ እዮኤል የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ኑሮው የሞያሌ መንገድ ላይ፣ አባትነቱም አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነበር። ስለዚህም ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ከፈተ ሲባል፣ ሽታዬ ስለቷ የሰመረላት ያህል ደስ አላት።

ክፍሉ ሲመረቅ እርሷም ነበረች። ግድግዳው ላይ ቢራቢሮ ተሥሏል፤ አንድ የረድኤት ድርጅት የሰጣቸው ኳሶች፣ ምንጣፎችና ከእንጨት የተቀረጹ ፊደላት በመደርደሪያው ላይ ተኮልኩለዋል። ርዕሰ መምህሩ በርናባስ ሪባን አስቆርጦ፣ ሩትን አቅፎ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሽታዬ ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር፤ እንግዳ በማይመጣበት ቀን ዕቃው ከነላስቲኩ መደርደሪያው ላይ እንደሚውል።

ምክንያቱ ክፋት አልነበረም። ዕቃው በሙሉ የተመዘገበው በንብረት ክፍል ሠራተኛው በቢኒያም ስም ነው። አንድ ኳስ ቢጠፋ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ የሚቆረጠውም ከእርሱ ደመወዝ ነው። ስለዚህ መምህሯ ከክፍሉ ወጣ ባለች ቁጥር እግር በእግር እየተከተለ ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል። በመንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ዐመል ያውቀዋል። ለፈረምንበት ወንበር እንቅልፍ እናጣለን፤ ያልፈረምንበት ሰው ግን በፊታችን ቢወድቅ ባለቤቱ እስኪመጣ እንጠብቃለን። ኳሱ ፈራሚ ነበረው። ሩት አልነበራትም።

ነገሩ የሆነው የመምህራን ስብሰባ በነበረበት ቀን ነው። የሩት መምህርት ፍሬሕይወት፣ የቀረ መምህር ተክታ ሌላ ክፍል እንድታስተምር ታዘዘች። ሌሎቹ የክፍሉ ልጆች በዚያ ቀን አልመጡም ነበር፤ ሩትን ብቻዋን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ፣ ‹‹መጣሁ›› ብላት ወጣች። ከዚያም በቀጥታ ወደ ስብሰባው ሄደች። ቢኒያም ሲያልፍ መምህሯን አጣ፤ ወደ ምንጣፉ ሳያይ እንደ ልማዱ ቆለፈና እርሱም ወደ ስብሰባው ሄደ።

ሽታዬ በመውጫ ሰዓት ከበሩ ስትደርስ ዘበኛው ‹‹ሁሉም ወጥተዋል›› አላት። ልጇ ውኃ ስታይ ነፍሷን እንደማታውቅ ታውቃለችና ባጃጅ ይዛ ወደ ከተማው ሐይቅ በረረች። በዓሣ ገበያው፣ በጀልባዎቹ መካከል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት በሚሻሙበት ዳርቻ ሁሉ ‹‹ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ አላያችሁም?›› እያለች ዞረች። የውኃውን ፊት እያየች የጸለየችውን ጸሎት ለማንም አልነገረችም፤ የእናት አፍ ሊጸልየው የማይገባ ጸሎት ነበር፤ ‹‹ቢያንስ አስከሬኗን አትከልክለኝ›› የሚል። ሊመሽ ሲል ተስፋ ቆርጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ባዶው ግቢ መካከል ቆማ ሳለ ሰማችው።

ኳ። ኳ። ኳ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ እንደገና ኳ።

ዘበኛው ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበረው። ሩት ከበሩ ኋላ ቆማለች፤ የጣቷ አንጓ ተልጧል፤ ቀሚሷ ርሷል። አላለቀሰችም። ሽታዬ ልታቅፋት ስትንበረከክ፣ ሩት በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ በሩን አየችና እጇን ዘርግታ፣ የተከፈተውን በር አንድ ጊዜ ደግማ አንኳኳችው።

*

‹‹ማን ቆለፈባት?›› ሽታዬ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነበር።

‹‹ወይዘሮ ሽታዬ፣ እንደ ትምህርት ቤት እጅግ አዝነናል›› አላት በርናባስ፣ ጠረጴዛው ላይ እጆቹን አቆላልፎ። ‹‹ክፍተት ነበረ። ክፍተቱን ገምግመናል።››

‹‹ክፍተቱ ማን ይባላል?››

‹‹ይኸውልዎ፣ በስሜት አንነጋገር። የክፍሉ ኃላፊ መምህሯ ናት፤ እርሷን ያነጋግሩ።››

ፍሬሕይወት ዐይኗ ደም መስሎ ጠበቀቻት። ‹‹እኔ ታዝዤ ነው የሄድኩት፣ እትዬ። አልሄድም ብል ደግሞ በዚያ እጠየቃለሁ። የቆለፍኩትም እኔ አይደለሁም፤ ቁልፍ እንኳ በእጄ የለም።››

ቢኒያም ቁልፎቹን በኪሱ ውስጥ እያንቀጫቀጨ ማለ። ‹‹እናቴ ትሙት፣ ውስጥ ሰው አለ ያለኝ የለም! እኔ የምጠየቀው ለንብረቱ ነው። ልጆቹን የተረከብኩት እኔ ነኝ?››

‹‹ያን ሁሉ ሰዓት ስታንኳኳ አንዳችሁም አልሰማችሁም?››

ሦስቱም በየተራ አልሰማንም አሏት። አዳራሹ ሩቅ ነው አሉ። ድምፅ ማጉያ ነበር አሉ።

ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ጉዳይ የሚመለከታት ጽጌሬዳ የምትባል ባለሙያ ናት፤ በቢሮው ቋንቋ ‹‹ፎካሏ›› ይሏታል። ፎካሏ ሥልጠና ላይ ነበረች። ሌላ ቀን ስትመጣ መስክ ላይ ነበረች። በመጨረሻ ተገኘችና ነገሩን እስከ ዳር በትዕግሥት ሰማቻት፤ እንዲያውም እንባ ተናነቃት። ከዚያ ግን ‹‹እኔ እኮ የማስተባብር እንጂ የምቀጣ አይደለሁም፣ እህቴ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ያጣራ›› አለቻት። ከላይ ያለው መምሪያ ደግሞ ‹‹ከታች ጀምረሽ ነይ›› አላት። ከታች የጀመረች መሆኗን ብትናገር፣ ‹‹እንግዲያው ከታች መልስ ይዘሽ ነይ›› ተባለች፤ እርሷም የጻፈችውን አቤቱታ ትታላቸው ወጣች። ማንም አልሰደባት፤ ማንም አላመናጨቃት። ሁሉም ወንበር ስበውላታል። የሚያስፈራትም ይህ ሆነ። በምትሄድበት ሁሉ በር ክፍት ነው፤ በበሩ ኋላ ግን ሰው የለም።

በቤቷ አንድ ሕግ አጸናች። ሩት ባንኳኳች ጊዜ ሁሉ ይከፈትላታል። ወጥ እያማሰለችም ቢሆን፣ ልብስ እያጠበችም ቢሆን ትነሣለች፤ በሩ ክፍት ከሆነም ገፋ መለስ አድርጋ፣ ‹‹ይኸው ተከፈተልሽ፣ የኔ እመቤት። በዚህ ቤት አንኳኩተሽ የማይከፈትልሽ በር የለም›› ትላታለች። ሩት አታያትም። ነገር ግን በሩ ሲንቀሳቀስ ትከሻዋ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሿ ይረጋል። ሽታዬ የምትኖረው ለዚያች ትንፋሽ ሆነ።

በሱቋ ውስጥ ግን ሰላም አልነበራትም። ገዢ የሳፋን ጥንካሬ የሚፈትነው ቂጡን በጣቱ አንኳኩቶ ነው። ስንት ዘመን የሰማችው ድምፅ አሁን በተሰማ ቁጥር ከወንበሯ ብድግ ትላለች። አንድ ቀን ከጎኗ ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሀጂ ኢብራሂም አዩዋት።

‹‹ሽታዬ፣ ሳፋ ሲንኳኳ እንዲህ ከደነገጥሽ፣ ሰው ከበሮ ሲመታ ልትሞቺብን ነው?›› አሉ። ሳቅ አለማለቷን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ‹‹ስሚ ልጄ። ርዕሰ መምህሩ ሽማግሌ ሰብስቧል። ደምሴ አለ፤ አስካለ አለች፤ እኔንም ለምኖኛል። አቤቱታሽ ከላይ ደርሶ ሊታይ ነው መሰለኝ፣ ደንግጧል። እሑድ እንመጣለን።››

‹‹ምን ልትሉኝ፣ ሀጂ?››

‹‹ሽማግሌ ምን ይላል? ይቅር በይ ይላል።››

‹‹ማንን?››

ሀጂ ኢብራሂም ጢማቸውን አሻሹና ወደ ብርድ ልብሳቸው ተመለሱ።

ለእዮኤል ደወለችለት። መኪናው እያጓራ፣ ‹‹ይቅር በያቸው፣ ሽታዬ›› አላት። ‹‹በርናባስ ክፍሉ እስኪጣራ ይዘጋል እያለ ነው አሉ። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች በአንቺ ሊነሡ ነው። ሌላ ምን ትምህርት ቤት አለን?››

‹‹ይቅር ማለት አቅቶኝ አይደለም፣ እዮኤል። አንድ ሰው ‹እኔ ነኝ› ይበለኝ። ለዚያው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ ይቅር እለዋለሁ። ካልሆነ ግን ያቺን ልጅ ለማን አምኜ ነው የምመልሳት?››

*

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ወይዘሮ አስካለ፣ የሰፈሩ ሴቶች መሪ፣ ቀድመው ገብተው ሩትን በእጇ ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዷት። ‹‹ሽማግሌ ፊት እንዳትረብሽ፣ እዚህ ትጫወት›› አሉና በሩን ዘጉት። ክፋት አላሰቡም። ሽታዬም ትሪ ይዛ ነበርና ልብ አላለችውም።

ከሽማግሎቹ መካከል አንደበታቸው የሚፈራው አቶ ደምሴ ነበሩ፤ የዕድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፤ በርናባስንም በልጅነቱ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ከተቀመጡ በኋላ፣ ‹‹ሽታዬ፣ ልጄ፣ ደጅሽ የመጣነው ሸክምሽን ልናቀልልልሽ ነው›› ብለው ጀመሩ። ‹‹በዳዮች ውጭ ቆመዋል። ይግቡ ትያለሽ?››

‹‹ይግቡ፣ ጋሼ።››

ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቆመው የነበሩት ሦስቱ ገቡ፤ በርናባስ፣ ፍሬሕይወትና ቢኒያም። እንደ ሥርዓቱም ሳይቀመጡ ከበሩ አጠገብ ቆሙ።

‹‹እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ›› አሉ አቶ ደምሴ። ‹‹በዳይ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናገራል። ከዚያ በኋላ እኛ እንለምናለን። ተናገር፣ በርናባስ።››

‹‹ጋሼ ደምሴ፣ ስለ ሆነው ነገር ሁሉ እኛ እንደ ተቋም፣ ከልብ ይቅርታ…››

‹‹ተቋም ጉልበት የለውም፣ ልጄ። እግር ላይ መውደቅ አይችልም። አንተ ምን አጠፋህ?››

ሀጂ ኢብራሂም ሳላቸውን ሳሉ። ‹‹ተቋም ሲንበረከክ ካየህ እኔንም ጥራኝ፤ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ።››

በርናባስ ላብ አጠመቀው። ‹‹እኔ በቀጥታ… ማለቴ ክፍሉን የሚመሩት ሌሎች ናቸው።››

‹‹እኔ ታዝዤ ነው›› አለች ፍሬሕይወት።

‹‹እኔ ንብረት ነው የምጠብቀው›› አለ ቢኒያም።

በዚህ መካከል ከጓዳው በኩል መጣ። ኳ። ኳ። ኳ።

ሽታዬ እንደ ልማዷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ግማሽ ተነሥታ ሳለች ግን የሦስቱን ፊት አየች፤ እዚያው ቀረች።

የቢኒያም እጅ ወደ ኪሱ ገብቷል፤ ቁልፎቹን በጡጫው ጨብጦ ድምፅ እንዳይሰጡ አፍኗቸዋል። ፍሬሕይወት ወደ ጓዳው አልዞረችም፤ ያየችው ወደ ቢኒያም ኪስ ነው። በርናባስ ደግሞ ድምፁን ከፍ አደረገ። ‹‹ለወደፊቱም እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም አቅጣጫ አስቀምጠናል!›› አለ፤ ትንሿ ሳሎን አዳራሽ ይመስል። የማያውቁት ድምፅ የሰሙ ሰዎች ምንድን ነው ብለው ይጠይቃሉ። እነዚህ አልጠየቁም። ያውቁታል።

ሽታዬ ተመልሳ ተቀመጠች።

ኳ። ኳ።

ወይዘሮ አስካለ ሊነሡ ሲሉ ነጠላቸውን ያዘቻቸው። ‹‹ይቀመጡ፣ እትዬ።››

‹‹ልጅቷ እኮ ታንኳኳለች፣ ሽታዬ!››

‹‹አውቃለሁ። ማን እንደሚከፍትላት ልይ።››

ማንም አልተነሣም። በጓዳው በር ላይ ቁልፍ አልነበረም፤ በጣት የሚገፋ በር ነበር። ማንኳኳቱ ቆም እያለ ደጋግሞ መጣ፤ ሁልጊዜም በዚያው ልክ፣ ሳይጨምር፣ ሳይቆጣ። በርናባስ ንግግሩ ከመካከል ተቆረጠበት። አቶ ደምሴ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ይመረምሩበት በነበረው ዐይን ሦስቱን በየተራ አዩአቸው።

‹‹ይህን ድምፅ ትሰማላችሁ?››

ቢኒያም እጁን ከኪሱ አወጣ።

‹‹በዚያን ቀንስ?››

ፍሬሕይወት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ‹‹ሰምቻለሁ›› አለች። ‹‹ለሻይ ስንወጣ ሰምቻለሁ። ቁልፉ እርሱ ጋ ነው፣ ይከፍትላታል አልኩ።››

‹‹እኔም ሰምቻለሁ!›› አለ ቢኒያም፤ እንደ መቆጣት አለው። ‹‹ሄጄ ለርሳቸው ነገርኩ። ‹ስብሰባ አታቋርጥ፣ ሲያልቅ ይታያል› አሉኝ። ሲያልቅ ደግሞ አለቃዬ ያውቁታል፣ እርሳቸው ያዝዛሉ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።››

የሁሉም ዐይን በርናባስ ላይ ዐረፈ። እርሱ ግን የሚያየው ወለሉን ነበር። ‹‹መምህሯ የምታየው መስሎኝ ነው›› አለ።

አቶ ደምሴ ተነሡ። ሽማግሌ ሳይመርቅ አይነሣም፤ እርሳቸው ሳይመርቁ ተነሡ። ‹‹ሽታዬ፣ አስታርቁ ተብለን መጥተን ነበር። እኔ ግን ከዚህ የምወጣው ምስክር ሆኜ ነው። የሰማሁትን በተጠራሁበት ሁሉ እናገራለሁ።››

‹‹እኔም›› አሉ ሀጂ ኢብራሂም። በዚህ ጊዜ አልቀለዱም።

ሽታዬ ስትፈልገው የኖረችውን አገኘች። በጨለማ ስትዳብስ የቆየችው እጅ ግድግዳ የነካ ያህል ተሰማት። እግዚአብሔር ይመስገን ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ነው ቤቱ ጸጥ ማለቱን ያወቀችው።

ማንኳኳቱ ቆሟል። መቼ እንደ ቆመ አላወቀችም።

ሮጣ ገፋችው። ሩት ከበሩ ኋላ አልነበረችም። ከጓዳው ወዲያኛ ጥግ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ፣ እጆቿን በጉልበቷ መካከል ሸሽጋ ተቀምጣለች። ‹‹ይኸው ተከፈተልሽ፣ የኔ እመቤት›› አለች ሽታዬ። በሩን ገፋች፣ መለሰች፣ ደግማ ገፋች። የልጅቷ ትከሻ አልተነቃነቀም።

*

አቶ ደምሴና ሀጂ ኢብራሂም ቃላቸውን ጠበቁ። አቤቱታው ታየ፤ በርናባስ ከኃላፊነቱ ተነሣ። የጓጉንቸሩም መያዣ ከዚያ ክፍል በር ተነቀለ፤ ኳሶቹ ከላስቲካቸው ወጡ። በክፍሉ በር ላይ፣ ልጆቹን በየዕለቱ ተቀብላ የምታስረክበው መምህርት ስም ተጽፎ ተለጠፈ። የሌሎቹ ልጆች እናቶች ሽታዬን መንገድ ላይ እያቆሙ ይስሟታል። ‹‹አንቺ ባትኖሪ›› ይሏታል።

ፍሬሕይወት አንድ ቀን ብቻዋን ሱቅ ድረስ መጣች። በሳፋዎቹ መካከል ተንበርክካ፣ ‹‹እኔ ነኝ። ሰምቼ አልፌያታለሁ›› አለች። ሽታዬ ቃሏን አላጠፈችም፤ አንሥታ ይቅር አለቻት። ከሄደች በኋላ ግን ‹‹እኔንስ?›› የሚል ጥያቄ ከሱቁ ውስጥ ቀርቶ ተገኘ። እነርሱ ሰምተው ያለፏት ሥራ ይዘው ነው፤ እርሷ ግን ሰምታ የተቀመጠችው እንዲሰሙላት ብላ ነው። የትኛው እንደሚብስ የሚፈርድ ሽማግሌ አላገኘችም። አልጠራችምም።

ሩት ከዚያ እሑድ ወዲህ አንኳኩታ አታውቅም። ወደ ትምህርት ቤት ሲወስዷት ትሄዳለች፤ ሲመልሷት ትመለሳለች። በር ሲዘጋባት፣ በተዘጋበት ትቀመጣለች። ገዢዎች ሳፋ ሲያንኳኩ ሽታዬ አሁንም ብድግ ትላለች፤ ቀድሞ ድምፁ እንዲተዋት ትለምን ነበር፤ አሁን ግን እንዳይተዋት ጆሮዋን ታቀናለች።

ማለዳ ማለዳ፣ ሱቅ ከመክፈቷ በፊት፣ ከልጇ ክፍል ደጃፍ ትቆማለች። በሩ ክፍት ነው፤ ሩት ከውስጥ ትታያታለች። ሽታዬ አትገባም። በመሐል ጣቷ አንጓ በሩን ቀስ አድርጋ ትመታለች፤ ጥቂት ትታገሣለች፤ ደግሞ ትመታለች። ከዚያም፣ የማታውቀው ቤት እንደ መጣ እንግዳ፣ ግቢ እስክትባል ቆማ ትጠብቃለች።